የኤሊያችንን ሳንባ ላከሙልን ሐኪም ምስጋና፣ ኤሊ ላላችሁም ጥቆማ

ጀት የምትባል ቀይ ጆሮ ኤሊ አለችን። ስሙን ያወጡላት ልጆቹ ናቸው፤ ፍጥነቷን አይተው እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ሰሞኑን ከሳንባ ምች ተርፋለች። ይህን የምጽፈው ያከሟትን የእንስሳት ሐኪም በአደባባይ ለማመስገንና ኤሊ ለምታሳድጉ ሁሉ ለመጠቆም ነው።

መጀመሪያ ምግብ ተወች። ቀጥሎ አፍንጫዋ ላይ አረፋ መጣ፣ ስትተነፍስም ሲር ሲር ትል ጀመር። አየር የምትስበው አንገቷን ሽቅብ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ ነበር። ከሁሉ ያስደነገጠን ግን አዋኛኘቷ ነው፤ አንድ ጎኗ ሰምጦ ሌላው ከውሃው በላይ እየቀረ ተንጋዳ ትንሳፈፋለች። የደወልንላቸው ክሊኒኮች የሚያክሙት ውሻና ድመት ብቻ እንደሆነ ነገሩን። አልፈርድባቸውም፣ የኤሊ ሕክምና የሁሉም ሙያ አይደለም።

እኚህ ሐኪም ግን ገና ሳይነኳት ስለ ቤቷ ጠየቁን። የውሃው ሙቀት ስንት ነው? የምትሞቅበት ቦታስ? የአልትራቫዮሌት አምፖሉ የተቀየረው መቼ ነው? ምን ትበላለች? እየጠየቁን ዓይናቸው ከእሷ አልተነቀለም፣ አተነፋፈሷን ያዩ ነበር። ከዚያ በግራም መዘኗት፣ አፏን ከፍተው አዩ፣ ራጅ አነሷት። እሱንም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንና ከፊት ለፊት ጭምር። የኤሊ ሳንባ ከጀርባ ቅርፊቷ ሥር ስለሆነ፣ ግራውን ከቀኙ ለማስተያየት ከፊት የተነሳው ራጅ ነው የሚጠቅመው አሉን። አንዱ ሳንባ ጉም የለበሰ ይመስላል። የመንጋደዷ ምስጢርም ይኸው ነበር፤ የታመመው ጎን ከብዶ ሲወርድ አየር የያዘው ወደ ላይ ይነሳል።

ኤሊ እንደ እኛ ድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም፣ አክታዋንም በደንብ ስላ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ የተጠራቀመው እዚያው ይቀራል። «ነገ ይሻላታል እያሉ ማቆየት የሚጎዳት ለዚህ ነው» አሉኝ።

የታዘዘላት አንቲባዮቲክ በክብደቷ ልክ ተሰልቶ በየሦስት ቀኑ የሚወጋ ነው። መድኃኒቱ ከኤሊ ሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው። መርፌው የሚወጋው የፊት እግሯ ላይ ነው፤ ከኋላ እግሯ የሚመለሰው ደም መድኃኒቱን እንደያዘ ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል። ይህን ሁሉ ሳይሰለቹ አስረዱኝ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ እስክለምደውም አብረውኝ ቆሙ። ቫይታሚን ኤ ይወጋት ወይ ብለን ብንጠይቅ ግን እምቢ አሉ። የዐይኗ ቆብ አላበጠም፣ ምልክቱ የለም፣ ሲበዛ ደግሞ ቆዳዋን ይልጣል። የማያስፈልግ ነገር አልሰጥም የሚል ሐኪም ደስ ይለኛል።

ከመርፌው እኩል የጨነቃቸው ሙቀቷ ነበር። ኤሊ የራሷን ሙቀት ስለማታመነጭ ከበረደች በሽታ የመከላከል አቅሟ ይደክማል፣ መድኃኒቱም እንደሚገባው አይሠራላትም። ውሃውን 28 ዲግሪ አካባቢ፣ የምትሞቅበትን ቦታ ደግሞ 32 አካባቢ አድርጉት አሉን። ዋኝታ እንዳትደክም ቀኑን አብዛኛውን በደረቅና ሞቃት ቦታ ትውላለች፤ ለመብላትና ለመጠጣት ብቻ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ትገባለች። ልጆቹንም ከነኳት በኋላ እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ አደራ አሏቸው፣ ኤሊ ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለችና።

ትድናለች ብለው ቃል አልገቡልኝም። ሲመዝኗት ክብደቷ ከጨመረ ጨመረ፣ ካልጨመረም አልጨመረም ይሉኝ ነበር። አሁን ቀጥ ብላ ትዋኛለች፣ ምግብ ስታይም ትሮጣለች፤ በእሷ አቅም ማለቴ ነው።

ቅሬታ ከተባለ አንድ አለኝ፤ ወረፋቸው ረጅም ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ ጊዜ ስለሚሰጡ ተራችሁ እስኪደርስ ትቆያላችሁ።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ የታመመች ኤሊ ልትሰምጥ ስለምትችል ውሃ በሞላ ባልዲ አትውሰዷት። አየር የሚገባው ሣጥን ውስጥ እርጥብ ፎጣ አንጥፉና እንዳይበርዳት ሸፍኗት። ስትዋኝ በስልክ ቀርጻችሁ ያዙ፣ የውሃውን ሙቀትም ለክታችሁ ጻፉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩም። ለሚፈልግ ግን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።