ከከተማ ዳር ቤት ስትገዙ፦ አዲሱ ወይስ ሰው የኖረበት?

ከከተማ ዳር ቤት የሚፈልጉ ጓደኞቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ አዲስ የተሠራ ይሻላል ወይስ ሰው የኖረበት? መልሴ አይቀየርም። ሰው የኖረበትን ግዙ። ቢያንስ አምስት ክረምት ያሳለፈውን።

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት አዲስ ነበር። ሰው ከኖረበት ቤት 15 ከመቶ ይረክሳል፤ ልቤን የወሰደው እሱ ነው። አጥሩ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው፣ የግቢው ንጣፍ ግን ዋጋው ውስጥ አልነበሩም። እነሱን ስጨርስ የልዩነቱ ግማሽ ሄደ።

ቀሪውን ግማሽ የበላው የመጀመሪያው ክረምት ነው። ሰፈሩ ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሠረቱ በቂ ጥልቀት ከሌለው ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከመስኮቶቹ ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። ለሠሪው ስደውል "ቀለም ነው" አለኝ። በቀጣዩ ዓመት ጣቴ የሚገባበት ሆነ፤ ከመሬት ሥር ያለው ቧንቧም ተሰበረ።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን የመብራት ገመዱ ነው። አንድ ሶኬት ደጋግሞ ይግላል። ኤሌክትሪሺያኑ ፈትቶ ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርገው ውስጡ ነጭ ሆነ። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም! አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 60 ከመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በእኩል ውፍረት፣ በእኩል ጭነት የበለጠ ይግላል። ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነበር። የቤቱን ገመድ በሙሉ አስቀየርኩ፤ ግድግዳ ተፈልፍሎ፣ እንደገና ተለስኖ፣ እንደገና ተቀብቶ።

መንገዱንም በገንዘብ አስሉት። አዲሶቹ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ራቅ ይላሉ። ለመሄድ 20 ደቂቃ፣ ለመመለስ 20 ደቂቃ ቢጨምርባችሁ፣ በ22 የሥራ ቀን 880 ደቂቃ ነው። በዓመት 176 ሰዓት፤ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብታደርጉት 22 ቀን። ትራንስፖርቱ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል።

አዲሱ የሚበልጥበት አለ። ክፍሎቹ ሰፊ ናቸው፣ ግቢውንም እንደፈለጋችሁ ታደርጉታላችሁ። ሰው የኖረበት ቤትም ጣጣ አያጣም፤ ጣሪያው ያረጀ፣ ቧንቧው የዛገ ይሆናል። ግን ጉድለቱ ዓይናችሁ ፊት ነው። የጣሪያ ሠራተኛ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ የጥገናውን ዋጋ አስገምታችሁ፣ ያንን ከዋጋው ማስቀነስ ትችላላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ቤት የገዛሁት እንደዚያ ነው።

ደላላው ቢቸኩልም እናንተ ጠብቁ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። ቤቱ በሙሉ ሳይቀባ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ሶኬት አስከፍታችሁ ሽቦውን አስፍቁ፤ መብራቱን ከቆጣሪው ማጥፋት እንዳትረሱ። ጎረቤት አንኳኩና ውኃው የት እንደሚተኛ ጠይቁ። ባለቤቱ የማይነግራችሁን ጎረቤት ይነግራችኋል።