አሮጌ የብረት ጀልባ ወይስ አሮጌ ፋይበርግላስ፦ ለእድሳቱ ምን ያህል ማውጣት ይገባል?

በባሕር ዳር ከተማ ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ ለማደስ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የሽያጩን ዋጋ ነው፤ የወጪውን ልክ የሚወስነው ግን የጀልባው አካል ከምን እንደተሠራና አሁን በምን ይዞታ ላይ እንዳለ ነው።

የብረት ጀልባ ትልቁ ብልጫ ጉዳቱ በዓይንና በእጅ የሚታወቅ መሆኑ ነው። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ሆዱ ተፍቆ በመዶሻ ሲመታ ጤነኛው ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የሳሳው ግን ይሰረጉዳል፤ በያጅም ከከተማው አይጠፋም። 4 ሚሊ ሜትር የነበረ ላሜራ ወደ 3 ከወረደ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ መተካት ይኖርበታል። በአሮጌው ላይ አዲስ ላሜራ ደርቦ መበየድ ርካሽ ቢመስልም፣ በሁለቱ መካከል የሚቀረው እርጥበት ዝገቱን ከዓይን ሰውሮ ስለሚያባብሰው፣ ሻጩ «ታድሷል» ያለውን ጀልባ ስትመረምሩ ይህን በተለይ እንድታጣሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የጣና ሐይቅ ውኃ ጨው አልባ ስለሆነ ብረት እንደ ባሕር ላይ ፈጥኖ አይበላም፤ ሆኖም ለባሕር የሚታሰረው፣ በብረቱ ፈንታ እየተበላ የሚጠብቀው የዚንክ መከላከያ እዚህ ብዙም ስለማይሠራ በማግኒዚየም ይለወጥ።

ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ ነዳጅ ይቆጥባል። ችግሩ ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን መሄዱ ነው። ላዩ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን እብጠቶች እምብዛም አያሰጉም። የሚያሰጋው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ነው፤ በውስጡ የተቀበረው እንጨት በስብሶ ከሆነ ያንን አውጥቶ፣ አድርቆ፣ በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክረው ፈሳሽ ማጣበቂያ) እንደገና መሥራት ከእድሳቱ ሁሉ ከባዱና ውዱ ሥራ ይሆናል። ሞተሩን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቁት ግድግዳው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ግዢውን ተዉት። ሬዚን እርጥበት ስለማይወድ ሥራው በበጋ ወራት ሊያልቅ ይገባል።

ሞተርን በተመለከተ ሁለቱም እኩል ናቸው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ትልቅ ሞተር ከመግዛት በፊት ዝቅተኛ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) ያለው ፕሮፔለር መሞከር ብዙ ገንዘብ ያድናል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያውን ስለሚዘጋ፣ ማጣሪያው በቀላሉ የሚከፈትና የሚጸዳ ይሁን።

የወጪው ጣሪያ ግልጽ ነው፦ የግዢውና የእድሳቱ ድምር፣ ተመሳሳይ ጀልባ ተጠግኖ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ በሐይቁ ላይ ከሚሸጥበት ዋጋ ማለፍ የለበትም፤ ከእድሳቱ በጀትም አንድ አምስተኛው አካሉ ሲከፈት ለሚገለጠው ጉዳት ይቀመጥ። ጥቂት መንገደኞችን ወደ ዘጌ ገዳማት ለማመላለስ ለሚፈልግ ሰው እኔ የኋላ ግድግዳው ጤነኛ የሆነውን ፋይበርግላስ እመርጥለታለሁ። ጭነት ይዞ እስከ ጎርጎራ ለሚጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ማዕበል ውስጥ ለሚያልፍና ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ለሚጠጋ ግን ብረቱ ይሻለዋል። ከሁለቱ የትኛውንም ብትገዙ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚበቃ የሕይወት አድን ጃኬትና የውኃ መምጠጫ ፓምፕ ከወንበር ልባስና ከቀለም በፊት ይገዙ።