ሬዲዮዬን ሳይፈቱ ችግሩን ላገኙልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ለወራት ያስቸገረኝን የሁለት ሜትር ባንድ (በ145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለ የፍሪኩዌንሲ ክልል) አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜዬ ከሌሎች ጋር የምነጋገርበት ሬዲዮ፣ ችግር ከሥሩ ለፈቱልኝ የሬዲዮ ቴክኒሻን ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስማቸውን በጽሑፍ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ፤ ሥራቸውን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

በሥራ ሰዓት በ145 ሜጋኸርዝ ላይ ሳዳምጥ የማላውቃቸው የሁለት ሰዎች ንግግር ተደራርቦ ይገባል፤ ሲግናል በሌለ ጊዜ ድምፅ የሚዘጋው ስኩዌልች በድንገት ይከፈታል፤ የማዳምጠው ደካማ ጣቢያም ይዋጣል። የመቀበል አቅሙ ያነሰ መስሎኝ ፕሪአምፕሊፋየር (ከአንቴናው የሚመጣውን ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ብገጥምለት ጭራሽ ባሰበት። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው የፊት ትራንዚስተሩ ተቀየረ፤ ድምፆቹ ግን በማግስቱ ተመለሱ።

እኚህ ባለሙያ መፍቻ አላነሡም። በመጀመሪያ ድምፁ የሚሰማበትን ቀንና ሰዓት ለአንድ ሳምንት እንድመዘግብ አዘዙኝ። ሲመጡም ከሁሉ አስቀድመው ማይክሮፎኑን ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ በአንቴናውና በሬዲዮው መካከል የሚያስገቡት አቴኑዌተር (ሲግናልን በታወቀ መጠን የሚቀንስ መሣሪያ) የማሰራጫ ኃይል ስለማይችል፣ ሳላስበው የማይክሮፎኑን የማሰራጫ ቁልፍ ብጫን ይቃጠል ነበር። እምነቴን የጣልኩባቸው ያን ጊዜ ነው።

የተደራረበው ድምፅ እስኪመጣ ጠብቀው 10 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ቅነሳ ሲያስገቡ ድምፁ ድርግም ብሎ ጠፋ፤ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ይናገር የነበረው ጓደኛዬ ግን ያለ ችግር ይሰማ ነበር። እንዳስረዱኝ ከሆነ በአንቴናው የገባ እውነተኛ ሲግናል በዚህ ቅነሳ የሚወርደው በ10 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ሁለት ኃይለኛ ሲግናሎች በተቀባዩ የፊት ክፍል ውስጥ ተቀላቅለው የሚፈጥሩት የሦስተኛ ደረጃ ኢንተርሞዱሌሽን ግን 30 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ቅልቅሉ የተፈጠረው ውጭ፣ ለምሳሌ በዛገ የብረት መጋጠሚያ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ እሱም እንደ ማንኛውም ሲግናል በ10 ብቻ በቀነሰ ነበር። ስለዚህ ያ ድምፅ የሚፈጠረው እዚያው እኔ ሬዲዮ ውስጥ ነበር።

ቀጥለው በየፍሪኩዌንሲው ያለውን የሲግናል ጥንካሬ በሚያሳየው ስፔክትረም አናላይዘር ሲፈልጉ በ150.3 እና በ155.6 ሜጋኸርዝ ላይ ሁለት በጣም ጠንካራ ሲግናሎች አገኙ። የመጀመሪያውን በሁለት አባዝተው ሁለተኛውን ሲቀንሱ ልክ 145.0 መጣ። እኔ በባለጣቢያዎቹ ላይ አቤቱታ ለመጻፍ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ስሌቱን የጻፉበትን ወረቀት ወደ እኔ አዙረው «በየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ ላይ በንጽሕና እየሠሩ ነው፤ መቋቋም ያቃተው ያንተ ተቀባይ ነው» አሉኝ።

መፍትሔው ፕሪአምፕሊፋየሩን በማንሳት ተጀመረ፤ ወደ ተቀባዩ የሚገቡትን ሁለቱን ኃይለኛ ሲግናሎች አንድ ዴሲቤል ባጎላ ቁጥር ቅልቅሉን በሦስት ዴሲቤል ያሳድገው ነበርና። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉትን የኤፍኤም ጣቢያዎች የሚያግድ ርካሽ ፊልተር ልግዛ ብላቸው፣ የኔ ችግር ከባንዱ በላይና በጣም ቅርብ ስለሆነ እንደማይረዳኝ ነግረው ከወጪ አዳኑኝ። የመረጡልኝ ካቪቲ ፊልተር፣ ማለትም የተስተካከለበትን ጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክልል ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር፣ ግማሽ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የብረት ቱቦ ሲሆን፣ ክዳኑ ላይ ያለውን ዘንግ በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ከመለኪያው ሳይነቅሉ ወደ 145 አስተካከሉት። የምፈልገው ሲግናል አንድ ዴሲቤል እንኳ ሳይሞላ ሲቀንስ፣ ሁለቱ ኃይለኛ ሲግናሎች እያንዳንዳቸው ከ20 ዴሲቤል በላይ ወረዱ፤ ቅልቅሉም በዚያ ስሌት ከ60 ዴሲቤል በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ፊልተሩ የሬዲዮዬን የማሰራጫ ኃይል እንደሚችል ካረጋገጡ በኋላ ማይክሮፎኑን በእጃቸው መለሱት።

ጉዳቱንም አልደበቁኝም። ፊልተሩ ጠባብ ስለሆነ ከ145 ራቅ ብዬ በባንዱ ጠርዝ ላይ ላዳምጥ ብል ያንንም እንደሚያዳክምብኝ፣ ያን ጊዜ ደግሞ ፊልተሩን እንደገና ማስተካከል ወይም ከመስመሩ ማውጣት እንደሚያስፈልግ አስቀድመው ነግረውኛል። እስካሁን ያ ድምፅ አንድ ጊዜም አልተመለሰም፤ ትናንት ማታም ከዚህ በፊት ጨርሶ የማይሰማኝን ደካማ ጣቢያ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አዳምጬአለሁ።

ሬዲዮአችሁን ለመፍታት ወይም ማጉያ ለመግዛት የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ከዚያ በፊት እሳቸውን አማክሩ። በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ በፈቃዳቸው አገናኛችኋለሁ፤ ስትመጡ ድምፁ የሚሰማበትን ቀንና ሰዓት የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።