የእናቴን እጅ አስቀድማ ላየችው የወፍ ሐኪም ምስጋና

ምስጋናው ይቅደም። ለቤታችን ሰላም የመለስሽልን ዶክተር፣ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ፤ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥሽ። ይህን የምጽፈው ግን ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። ከውጭ ሀገር ሰው ወይም ከዘመድ በቀቀን ተረክባችሁ፣ ሲያወራና ሲያጫውት የነበረው ወፍ ጠባዩ ተገልብጦ የምትይዙት የምትጨብጡት የጠፋችሁ ሰዎች በዚህ ከተማ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዳንዶቻችሁን በየክሊኒኩ ወረፋ ላይ አግኝቻችኋለሁ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የኛ ወፍ ዣኮ ይባላል። ስሙን ያወጡለት የቀድሞ አሳዳጊዎቹ ናቸው፤ አፍሪካ ኅብረት አካባቢ ይሠሩ የነበሩ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደግ ሰዎች። ሲሄዱ ይዘውት መሄድ አልቻሉም። አፍሪካዊ ግራጫ የሚባለው ይህ ዘር ከዱር እየታደነ በመመናመኑ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሁሉም ጥብቅ በሆነው ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ ወረቀቱ ካልተሟላ ድንበር አያልፍም። በሰው እጅ 40 እና 50 ዓመት ሊኖር የሚችል ፍጥረት ደግሞ ሜዳ ላይ አይጣልም። እናቴ "ለኔ ስጡኝ" አለች።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴ ቀን ቀን ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዋን ነው የምትውለው። እኔ ሥራ፣ ልጄ ትምህርት ቤት። ዣኮ ሲመጣ ቤቱ ሰው የገባበት መሰለ። ሲነጋ "ቦንዡር" ይላታል። ቆይቶ ደግሞ በራሷ ድምፅ፣ ምንም ሳያዛንፍ፣ "ቡና ጠጡ!" እያለ መጣራት ጀመረ። የፎቁ ሰው እውነት መስሎት በሩን ከፍቶ የወጣበት ጊዜ አለ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነበር!

ከዚያ ነው ነገሩ የተለወጠው። አብሮት ከመጣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ገብቶ አልወጣም ይላል። ጋዜጣና ካርቶን ያገኘውን ሁሉ ይቦጫጭቃል። ልጄ ሳሎን ስትገባ ወለል ላይ ወርዶ እግሯን ያሳድዳል። እናቴ እጅ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ የበላውን ይመልስባታል። በመጨረሻ እሷኑ ነከሳት። መጀመሪያ ቀለል አድርጎ ነበር፤ ኋላ ግን አመልካች ጣቷን እስኪተረተር ነከሰው። እናቴ ስኳር አለባት፤ ቁስል ቶሎ አይድንላትም። ከጣቷ ይልቅ ያመማት ግን ሌላ ነበር። ሌሊት ስነሳ ወንበር ላይ ተቀምጣ "ምን አደረግኩት?" ስትል ሰምቻታለሁ።

ያላንኳኳነው በር የለም። ስም አልጠራም፤ ስም ማጥፋት አልፈልግም። ግን የደረሰብንን መናገር መብቴ ነው። አንዱ ጋ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለመርፌ እያሉ ተቀበሉንና ወፉን ከካርቶኑ እንኳን ሳያወጡ "ያስመልሰዋል ማለት ኢንፌክሽን ነው" ብለው የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡን። መድኃኒቱን በስንት መከራ አጠጣነው፤ ጭራሽ ባሰበት። ሌላ ቦታ "ክንፉን ብንቆርጠው ይበርዳል" ብለው ሳያስፈቅዱን ቆርጠው መለሱልን። የከፈልነው ይቅርና፣ ዣኮ ከመደርደሪያው ላይ ሊበር ብሎ ደረቱን ወለሉ ላይ ሲመታው ያየሁት ዛሬም አይወጣልኝም። ወፍ የሚሸጥ ሰውዬ ደግሞ "በነከሰ ቁጥር ምንቃሩን በማንኪያ ምቱት" አለን። እናቴ ማንኪያ አታነሳም፤ አላነሳችም። ሰውዬው ይህን ሲሰማ "እንግዲያው ለኔ ሽጡልኝ" ብሎ ዋጋ ጠራ። ሁሉም ጋ ያየሁት አንድ ነገር ነው፦ ወፉን ያየው ሰው የለም፤ እናቴንም ያያት ሰው የለም።

ይህችን ሐኪም ያገኘሁት በመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በኩል ነው። ቢሾፍቱ የተማረች ወጣት የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ዋና ሥራዋ የዶሮ እርባታ ላይ ነው። በቀቀኖችን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትወድ ለራሷ ብላ እያነበበችና እየተከታተለች የተማረችው ነገር እንደሆነ ነግራኛለች። ስልክ ስደውል "አምጡት" አላለችም። "ወፍ ጠባዩ የሚታወቀው በራሱ ቤት ነው፤ እኔ እመጣለሁ" አለችኝ። ከሥራ በኋላ በታክሲ መጣች።

ገና ከበር ስትገባ እናቴ ጣቷን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ነበር። ዶክተሯ ወደ ዣኮ ዞር እንኳን አላለችም። "እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ" አለች። ጨርቁን ቀስ አድርጋ ፈታች፣ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጠበችላት፣ ከቦርሳዋ ንጹሕ ፋሻ አውጥታ ጠቀለለችላት። ከዚያ ወደኔ ዞራ "ይህን ማየት ያለበት የሰው ሐኪም ነው። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠየቅ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይወሰዱ" አለችኝ። በነጋታው ደውላ መሄዳችንንም አረጋገጠች። ወገኖቼ፣ ለወፍ የመጣች ሐኪም ናት! ያን ሁሉ ክሊኒክ ስንዞር የታሰረ ጣቷን እያዩ አንድ ሰው "ምን ሆኑ እናቴ?" ያላት አልነበረም።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ወደ ወፉ አልተጠጋችም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ከእናቴ ጋር እያወራች በጎን ታየዋለች። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትል ከሰሉና እጣኑ ወደ በረንዳ እንዲወጣ በትሕትና ለመነቻት፤ የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም አለች። ልጄ በአጠገባችን ስታልፍ ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አሁን ዓይኑን እዩት" አለችን። የዓይኑ ብሌን ጥብብ ስፍት፣ ጥብብ ስፍት ይላል። የማጅራቱ ላባ ቆሟል፤ ጭራው ተዘርግቷል። "አሁን ሊነክስ ነው" አለች። ቃሏን ሳትጨርስ ዣኮ ተወርውሮ የሚኖርበትን የሽቦ ቤት ነከሰው። እኔና እናቴ ተያየን። ስንት ጊዜ "በድንገት ነከሰን" ብለናል፤ እሱ ለካ ሁልጊዜም ቀድሞ ይናገር ነበር።

ጠባዩን የለወጠው የመራቢያ ሆርሞን መሆኑን በዝርዝር አስረድታናለች፤ ሁሉም አልገባኝም፣ ላስመስልም አልፈልግም። የገባኝን ልንገራችሁ። "እማማ፣ ይህ በሽታ አይደለም። ትዳር የያዘ መስሎት ነው፤ የያዘው ደግሞ እርስዎን ነው። ያ የሚመልስብዎት ምግብ ትውከት አይደለም፤ እያጎረሰዎት ነው" አለቻት። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። "ታዲያ ሚስቱን ይነክሳል?" ስትላት፣ የተናደደው በእርስዎ አይደለም አለቻት። ባላጋራ ብሎ የያዘው እኔንና ልጄን ነው፤ ሊደርስብን ሲያቅተው አጠገቡ ያለውን ይነክሳል። "እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ማን ይነካታል? ያቺ ክፉ ሆና ነው እንዴ?" አለች የዶሮ ሐኪሟ። ይህን ስትሰማ የእናቴ ፊት እንዴት እንደተፈታ ልገልጸው አልችልም። በመድኃኒት ያልወጣ ነገር ነበር የወጣላት።

ሳጥኑ እሱ ዘንድ ጎጆ ስለሆነ ከቤት እንዲወጣ፣ ከሶፋ ሥርና ከቁም ሳጥን ውስጥም እንዳይገባ ነገረችን። ስንዳብሰው ራሱንና አንገቱን ብቻ፤ ጀርባውንና ከክንፉ ሥር መዳበስ ለእሱ ሌላ ትርጉም አለው። ሞቅ ያለ ገንፎ ከእጅ ማጉረስም እንዲሁ፤ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው ግን ወፉን ወደ መራቢያ ስሜት ይገፋዋል አለች። በምትኩ ካሮት፣ ጎመንና ቃሪያ ይበላል። ቃሪያው አያቃጥለውም፤ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። ትልቁ ለውጥ ግን እንቅልፉ ነበር። አዲስ አበባ ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ነው፤ ሳሎን ያለ ወፍ ግን በአምፖሉና በቴሌቪዥኑ ምክንያት ቀኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይረዝምበታል፤ ቀን ሲረዝም ደግሞ ሰውነቱ የመራቢያ ጊዜ ደረሰ ይላል። አሁን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ያድራል።

የሱፍ ፍሬ ከሳህኑ ወጣ፤ የሚያገኘው በሥራ ብቻ ነው። ሥራውም ይህ ነው፦ እናቴ የወይራ መፋቂያዋን በሽቦው በኩል ታሳየዋለች፣ ጫፉን በምንቃሩ ነካ ሲያደርግ "ጎበዝ!" ትለዋለች፣ አንድ ፍሬ ሱፍ ይሸለማል። ዶክተሯ መጀመሪያ ስታሳየን እጇን ወደ ውስጥ አልሰደደችም፣ አላስገደደችውም፣ እንቢ ሲል መፋቂያውን አርቃ ጠበቀችው። ዛሬ ዣኮ መፋቂያውን ተከትሎ ከቤቱ ይወጣል፣ ተከትሎ ይገባል። ልጄም ታሠራዋለች። ሲነክስም አንጮህም፤ ጩኸቱ ይጥመዋል፤ ዝም ብለን መቆሚያው ላይ አስቀምጠነው ዞር እንላለን። ስለ ክንፉ መቆረጥ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። "መሸሽ የማይችል ወፍ መንከስ ብቻ ነው የሚቀረው" አለች። ላባው ተመልሶ እያደገ ነው፤ በረንዳ አጠገብ ሲሆን ዛፍ ላይ የሚመጡትን ትንንሽ አረንጓዴ የሀገራችንን በቀቀኖች ይጣራል። በነገራችን ላይ እነሱን አጥምዶ የሚሸጥላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ አትግዙ።

እውነቱን ለመናገር ዣኮ አልፎ አልፎ ዛሬም ይቆጣል። ይህ ወቅት እየሄደ እየተመለሰ እንደሚመጣ አስቀድማ ነግራናለች፤ "አዳንኩላችሁ" ብላ አላታለለችንም። ወንድ ይሁን ሴት በዓይን ስለማይለይ፣ ከታች ሲያምጥ ወይም ወለል ላይ ተኮራምቶ ካያችሁት እንቁላል አልወጣ ብሎት ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ደውሉ ብላናለች። ሌሊትም ቢሆን! የአቮካዶ ጁስ እንዳይቀምስ፣ ቸኮሌትና ቡና እንዳይነካ፣ የማይጣበቅ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ እንዳይግል፣ ጭሱ ወፍን በደቂቃዎች ሊገድል እንደሚችል፣ ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ፍሪጃችን ላይ ለጥፋልን ሄዳለች። ሂሳብ ስጠይቃት የጠራችው ገንዘብ ካንዱ ክሊኒክ የካርድ ክፍያ ብዙም አይበልጥም። እናቴ የቋጠረችላትን የቡና ቁርስ ግን እምቢ አላለችም።

እባካችሁ ወፋችሁን አትምቱ፣ ክንፉን አታስቆርጡ፣ ለማንም አትሽጡ፤ መጀመሪያ ይህችን ሐኪም አማክሩ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ቃሌን እጠብቃለሁ፤ ስልኳን ግን በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ቀን ቀን እርባታ ላይ ስለሆነች ስልክ ላታነሳ ትችላለች፤ መልእክት ብትልኩላት ማታ ትመልሳለች። የወፉን ቪዲዮ፣ በተለይ ሊነክስ ሲል ያለውን፣ ቀድማችሁ ብትልኩላት ደስ ይላታል። እስክትመጣ ድረስ ሐኪም ሳያየው ምንም መድኃኒት አትስጡት፤ የሚያድርበትን ክፍል ማጨለም ግን ዛሬውኑ መጀመር ትችላላችሁ።