አላባስተርና ፒዩር ዋይት፦ ለሳሎን ግድግዳ የቱ ይሻላል?

የአሜሪካው ቀለም አምራች ሸርዊን ዊሊያምስ ነጭ ቀለሞች የሆኑት አላባስተርና ፒዩር ዋይት በናሙና ካርድ ላይ ጎን ለጎን ሲታዩ በቀላሉ አይለዩም፤ ብርሃን የማንጸባረቅ መጠናቸውም ከ100 በቅደም ተከተል 82 እና 84 በመሆኑ እጅግ ይቀራረባል። ሆኖም መስኮቱ ወደ ሰሜን በሚያየው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ እያንዳንዳቸውን ሁለት እጅ ቀብቼ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ስመለከታቸው፣ የሚለያቸው ቁጥሩ ሳይሆን ከነጩ ሥር የተደበቀው ቀለም መሆኑን ተረዳሁ።

አምራቹ የ2016 የዓመቱ ቀለም አድርጎ የመረጠው አላባስተር፣ በፈላ ወተት ላይ የሚሰፍረውን ስስ ስልባቦት ይመስላል። ከሰሜን የሚገባው ቀዝቃዛና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ሲያርፍበት እንኳ ሙቀቱን አያጣም፤ ይህም በደመናማ ቀን ክፍሉን ከመኮሳተር ያድነዋል። ማታ ግን ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን በሚሰጥ የ2700 ኬልቪን አምፖል ሥር ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፤ በተለይ ደማቅ ነጭ ከሆነ የበር መቃን አጠገብ ሲውል ግድግዳው የቆየ ቀለም ያለበት ያስመስለዋል።

ፒዩር ዋይት ጥቂት ግራጫነት ስላለው ማታም ነጭነቱን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ላይ አመድማ ጥላ አይቼበታለሁ፤ ወደ ደቡብ ለሚያይ ክፍል ቢሆን ኖሮ ግን ያለማመንታት እርሱን እመርጥ ነበር።

እኔ ግድግዳውን በማያብረቀርቅ አላባስተር፣ የበርና የመስኮት መቃኖቹን ደግሞ ከፊል አንጸባራቂ በሆነ ፒዩር ዋይት አስቀብቻለሁ፤ ሁለቱ ነጮች ሳይጣሉ መቃኑ ከግድግዳው በግልጽ ተለይቶ ይታያል።