በደለስ አየር ማረፊያ እናቴን ለተንከባከባት የዊልቸር ሠራተኛ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ከአዲስ አበባ ብቻዋን ተነሥታ፣ በዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ በኩል እኔ ወደምኖርበት ሲያትል የመጣችውን እናቴን እንደ ገዛ እናቱ አድርጎ ለተንከባከባት የዊልቸር አገልግሎት ሠራተኛ ወንድማችን ምስጋናዬን ለማቅረብ፣ እግረ መንገዴንም አገልግሎቱን ወላጆቻቸውን ለሚያስመጡ ሁሉ ለመጠቆም ነው። ስሙን እዚህ ያላሰፈርኩት እርሱ ራሱ ስላልፈለገ ሲሆን፣ ለአየር መንገዱና ለቀጠረው ድርጅት ግን ከነስሙ፣ ከነቀኑና ከነበረራ ቁጥሩ ጽፌያለሁ።

እናቴ ዕድሜዋ ከሰባ ያለፈ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ፣ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማትሰማ ሴት ናት። ጉዞው ደግሞ ለወጣትም ቢሆን የሚያደክም ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ በመሆኑና በዚያ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ይቸገራል፤ ወደ አሜሪካ የሚመጣው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው በዚሁ ምክንያት ነው። በመልሱ ጉዞ ግን ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስላለ አውሮፕላኑ ሳያርፍ በቀጥታ አዲስ አበባ ይገባል። ይህን አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቀበቶአቸውን ፈትተው የተነሡትን አጠገቧ የነበሩ እናት «ገና ነው፣ ይቀመጡ» ያለቻቸው እርሷ ናት።

እኔን ያሳሰበኝ በአየር ላይ የምታሳልፈው ጊዜ አልነበረም፤ እዚያማ ወንበር አለ፣ ምግብ አለ፣ አማርኛ የሚናገሩ አስተናጋጆች አሉ። ያስጨነቀኝ ግማሽ ቀን ለመሙላት ጥቂት የቀረው የደለስ ቆይታዋ ነበር። ቀደም ባለው ጉዞዋ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሌላ አየር ማረፊያ፣ የተመደበላት ሰው በዊልቸር ገፍቶ አንድ ጥግ ካስቀመጣት በኋላ ዳግም ሳይመለስ በመቅረቱ፣ ሽንት ቤት እንኳ የሚያደርሳት አጥታ ለብዙ ሰዓት ተቀምጣ ነበር።

በዚህኛው ጉዞ ግን ወንድማችን የስም ዝርዝር ይዞ አውሮፕላኑ በር ላይ ጠበቃትና «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ እስከሚቀጥለው በረራ ድረስ ከእኔ ጋር ነዎት» አላት። ደለስን የሚያውቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 አየር ማረፊያው ሲከፈት ጀምሮ ያሉትን፣ መንገደኞችን የሚያመላልሱ፣ ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚመስሉ ባለ ረጃጅም ጎማ ተሽከርካሪዎች ሳያይ አልቀረም። ክፍሉ ከነሰዉ መንቀሳቀስ ሲጀምር እናቴ ደንግጣ እጁን እንደያዘችውና፣ እርሱም እስኪቆም ድረስ እጁን ሳያስለቅቅ አጎንብሶ እንደቆመ ነግራኛለች።

ከውጭ አገር የሚገባ መንገደኛ፣ የመጨረሻ መድረሻው ሌላ ከተማ ቢሆንም፣ መጀመሪያ ባረፈበት የአሜሪካ አየር ማረፊያ ሻንጣውን ተረክቦ በጉምሩክ ማለፍና እንደገና ለቀጣዩ በረራ ማስረከብ ይኖርበታል። ብቻቸውን የሚመጡ ወላጆቻችን ይበልጥ ግራ የሚጋቡት እዚህ ላይ ነው። ወንድማችን ከበርበሬውና ከሽሮው መካከል ቋንጣ እንዳለ ገና መኮንኑ ጋር ሳይደርሱ ጠይቆ፣ ሥጋ ማስገባት ክልክል መሆኑን፣ ደብቆ መገኘት እንደሚያስቀጣና ካሳወቀች ግን ቋንጣው ተወስዶ ነገሩ በዚያው እንደሚያበቃ በእርጋታ አስረዳት። እንዳለውም ሆነ። ቋንጣው ቀረ፤ በርበሬው ግን አልፎ እነሆ ወጥ እየሠራንበት ነው።

ከዚያ በኋላ የምግብ ጉዳይ ተነሣ። እናቴ የስኳር መድኃኒቷን ከምግብ ጋር መውሰድ የነበረባት ሲሆን፣ ጾም ስለያዘች ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። የዋሽንግተን ሰዓት ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ያለ ነበር። ወንድማችን ነጠላዋን ገለጥ አድርጎ የእጅ ሰዓቷን አየና፣ በአዲስ አበባ ሰዓት እንደተሞላ ቀርቶ ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን አሳያት፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል በዚያ ወቅት የሰባት ሰዓት ልዩነት አለና። «ጾሙን የጀመሩት በአገርዎ ሰዓት ነው፤ በአገርዎ ሰዓት ይፍቱ» ብሎ አሳመናት። የንስሐ አባቷ ምን እንደሚሉ ባላውቅም እኔ በበኩሌ ፍርዱን ወድጄዋለሁ። ከዚያም ሻጯን ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ያልገባበት ምግብ የትኛው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠይቆ፣ ዳቦና በባቄላ የተሠራ ሾርባ አምጥቶላት፣ መድኃኒቷን ስትውጥ ካየ በኋላ በራሱ ስልክ ከእኔ ጋር አገናኘን።

ሌሎች መንገደኞችንም የመግፋት ኃላፊነት ስላለበት አጠገቧ ተቀምጦ መዋል አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ ሲሄድ የሚመለስበትን ሰዓት በጣቱ ሰዓቷ ላይ እያመለከተ ይነግራታል፤ በዚያው ሰዓትም ይመጣል። ከሰዓት በኋላ በነጎድጓድ ምክንያት በረራው ዘግይቶ መሳፈሪያ በሩ ሲቀየር፣ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ ቢነገርም፣ መጥቶ ወደ አዲሱ በር ወስዷታል። የሥራ ሰዓቱ ሲያበቃም ተረካቢዋን የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጥቶ ከእናቴ ጋር አስተዋወቃት፤ ለእኔም ደውሎ ከዚህ በኋላ ማን እንደሚያሳፍራት ነገረኝ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር፣ ይህ አገልግሎት መብት እንጂ ውለታ አለመሆኑን ነው። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 በወጣው ሕግና እርሱን ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት የዊልቸር እርዳታን በነፃ የማቅረብ ግዴታ የአየር መንገዱ ነው። ደንቡ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ የማይችልን መንገደኛ ዊልቸር ላይ አስቀምጦ ከ30 ደቂቃ በላይ ያለ ጠባቂ መተውን ይከለክላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ኃላፊነቱ በዋናነት የአየር ማረፊያው ሲሆን፣ አገልግሎቱ እዚያም በነፃ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ያስፈልጋል። እኔ የትም ቢሆን ቲኬት ሲቆረጥ ወዲያውኑ እንዲታዘዝ፣ ከጉዞው ጥቂት ቀናት በፊትም ተደውሎ መመዝገቡ እንዲረጋገጥ እመክራለሁ።

ስታዙ ችግሩን በትክክል ተናገሩ። ረጅም መንገድ መራመድ የማይችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ ከነጭራሹ መራመድ የማይችል መንገደኛ በተለያየ ምድብ ይመዘገባል። እግራቸው ደህና ሆኖ ቋንቋ ብቻ የሚቸግራቸው ወላጆች ካሏችሁ፣ ብዙ አየር መንገዶች ያለ ዊልቸር ተቀብሎ የሚያደርስ ሰው ስለሚመድቡ እርሱን ጠይቁ። ዊልቸሩን ያለ ችግር የሚያዝ በበዛ ቁጥር፣ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች የአውሮፕላኑ በር ላይ ረጅም ጊዜ እንደሚጠብቁ ከዚሁ ወንድማችን ሰምቻለሁ፤ እኔም እስማማበታለሁ።

በአሜሪካ አብዛኞቹ የዊልቸር ሠራተኞች አየር መንገዶች በኮንትራት ያሠሯቸው ድርጅቶች ተቀጣሪዎች ናቸው፤ ደመወዛቸውም አነስተኛ ነው። ስለዚህ በእናትና በአባቶቻችሁ እጅ ለጉርሻ የሚሆን ዝርዝር ዶላር ያዙላቸው። እናቴ ለወንድማችን ያዘጋጀሁለትን ስትሰጠው ብዙ ለምናው ነው የተቀበላት። ከጉርሻው ይልቅ የሚጠቅመው ለአየር መንገዱ የሚጻፈው ደብዳቤ ነው፤ ቀኑ፣ የበረራ ቁጥሩና የሠራተኛው ስም ከሌለበት ግን ምስጋናው ለማን እንደሆነ አይታወቅምና ባጁን አንብበው ስሙን እንዲያስታውሱ ወይም እንዲያስጽፉ ንገሯቸው።

ለእናቴ ያዘጋጀሁት በአንገቷ የምታንጠለጥለው አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ የሁለቱንም በረራዎች ቁጥር፣ የመድኃኒቷን ስምና መውሰጃ ሰዓት፣ የጾም ምግብ እንደምትመገብ፣ የምትናገረውን ቋንቋና የእኔን ስልክ ይዟል። ወንድማችን ሥራውን በጣም እንዳቀለለለት ስለነገረኝ፣ ቅጹን ለሚፈልግ ሰው ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።