ትኋን ላሰቃያችሁ የባህር ዳር ሰዎች፣ ይህን ልጅ ጥሩት

ሰላም ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው የአንድ ሰው ምስጋና ስላለብኝ ነው። እንቅልፋችንን መልሶልናል። ከዚያም በላይ የእናቴን አንገት ቀና አድርጎልኛል።

ትኋን ቤታችን ከገባ ወራት አልፈው ነበር። የሰማ ሁሉ "ቢንቢ ነው፣ ጣና ዳር እየኖራችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?" ይለናል። አጎበር ውስጥ ተኝተን ስንነከስ እያደርን የሚያምነን አልነበረም። ቀጥሎ መድኃኒት እንረጫለን የሚሉ መጡ። አንዶቹ ፍራሹን እንኳ ሳይገልጡ ቤቱን በመድኃኒት አጥለቀለቁት። ልጆቼ ሲያስሉ ከረሙ፣ ትኋኑም ሳሎን ገባ። ሌላው "ዋስትና አለው" ብሎ ብሩን ተቀበለና ስልክ ማንሳት ተወ። ብሩስ ይቅር፣ ንቀቱ ነው ያንገበገበኝ። ሲወጣ "መጀመሪያ ቤታችሁን አጽዱ" ብሎን ነበር እኮ! እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ጎረቤት ቡና መጥራት ተወች።

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ሽምብጥ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። መርጫውን በር ላይ ትቶ ባትሪና አንድ ያረጀ ካርድ ይዞ ገባ። "መጀመሪያ ልፈትሽ፣ ካለ እንነጋገራለን" አለ። የፍራሹን ስፌት በካርዱ ጫፍ እየገለጠ ሄደ። እስክሪብቶ የነካው የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ አሳየኝ። ኩሱ ነው አለኝ። የእናቴን የጠፍር አልጋ ሲገለብጠው ጠፍሩ እንጨቱን በሚይዝበት ስንጥቅ ውስጥ ተሰግስገዋል። የእመቤታችንን ሥዕል ከግድግዳው ከማንሳቱ በፊት "እማማ፣ ይፈቅዱልኛል?" አለ። ተሳልሞ አወረደ፣ ከጀርባው አየ፣ መልሶ ሰቀለ።

እናቴ ሲቃ ይዟት "ልጄ፣ እኔ እኮ ቆሻሻ ሰው አይደለሁም" አለችው። ባትሪውን አጥፍቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። "እማማ፣ ትኋን የሚፈልገው ደም ነው። ንጹሕ ቤትም ይገባል፣ በእንግዳ ሻንጣም ይመጣል። እርስዎ ምን አጠፉ?" ይህ ቃል በብር አይገዛም። እግዜር ይስጠው።

አልጋውን ልናቃጥለው ነበር፣ እሱ ነው ያስተወን። የልጆቼን ክፍል ፈትሾ ደግሞ "እዚህ የለም፣ እህቴ ብርሽን አታውጪ" አለኝ። እንዲህ የሚል ስንት ሰው አለ? አንሶላና ልብሱን በፈላ ውሃ አሳጠበን፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም አለ። የቀረውን እንዴት እንደሠራው እኔ አልገባኝም። ብቻ እንቁላሉ በሳምንት በ10 ቀን ስለሚፈለፈል ተመልሼ አያለሁ አለ፣ ባለው ቀንም ሳንደውልለት መጣ! አሁን እፎይ ብለን እንተኛለን።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ከማስረጨታችሁ በፊት አስፈትሹ። ይህን ልጅ ጥሩት፣ ደግሜ እላለሁ ጥሩት። አባይ ማዶም ይሁን ቀበሌ 14፣ የትም ይመጣል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ።